ርካሹ ዕቃና ውድ ኪሳራው

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)






 ከብቸና ዙሪያም ከሞጣ ዙሪያም ሌሊት ተነሥታችሁ፣ መንገዱ ሳይበግራችሁ እዚህ ስለተገኛችሁ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ ምርት አሰባሰብ እንድናገር ነበር ያሰበው። እኔ ግን ምርቱ ከተሰበሰበና ከተሸጠ በኋላ ብሩ ስለሚሄድበት ቦታ ልናገር ብዬ ለመንሁ፤ ተፈቀደልኝ። ምክንያቱም በየጠቅላላ ጉባኤው አባላት ደጋግመው ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ "የማኅበሩ ሱቅ ዕቃ ከገበያው ይወደዳል፤ ርካሹን አምጡልን" የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ላቡን አፍስሶ ያገኘውን ብር የሚሳሳለት ሰው ሊመሰገን እንጂ ሊወቀስ አይገባም። ሆኖም ርካሹ ሁሉ ቆጣቢ እንዳልሆነ፣ አንዳንዱ ርካሽ ዕቃ በዓመቱ ከውዱ በላይ እንደሚያስከፍለን በሥራዬ አይቻለሁ። የዕቃ ዋጋ በገበያ ቀን ከኪሳችን የሚወጣው ብር ብቻ አይደለም። ዕቃው እስኪያረጅ ድረስ የሚያበላሽብን ሁሉ አብሮ የዋጋው አካል ነው። ዛሬ ላስረዳ የምሞክረው ይህንን ነው።

እኔው የሰጠሁት ምክር

በሌላ ሰው ስሕተት ከምጀምር በራሴ ልጀምር። ከግብርና ኮሌጅ በዲፕሎማ ተመርቄ ሥራ በጀመርሁ በሁለተኛው ዓመት በሞጣ በኩል ባለ አንድ ቆላማ ቀበሌ ተመድቤ እሠራ ነበር። በዚያ ቀበሌ ከልጅ ልጃቸው ጋር የሚኖሩ አንዲት እናት ነበሩ። በዚያ ዓመት በቆሏቸው ሰምሮላቸው ስምንት ኩንታል አስገቡ። ጥር ላይ ወደ ልማት ጣቢያው መጥተው "ልጄ፣ አየር የማያስገባ የሚሉት ከረጢት መጥቷል አሉ፤ ዋጋው ግን ከተራው በብዙ ይበልጣል። ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?" ሲሉ ጠየቁኝ።

እኔም ብራቸው እንዳይባክን አስቤ "እማማ፣ ከረጢት ከረጢት ነው። ገበያ ላይ ያገለገለ ተራ ከረጢት በጥቂት ብር ይሸጥ የለም? በዚያ ያድርጉት" አልኋቸው። መልካም ምክር የሰጠሁ መስሎኝ ነበር። እሳቸውም ባለሙያ ነግሮኛል ብለው እንዳልኋቸው አደረጉ።

ሰኔ ላይ ስለ ዘር ለመነጋገር ወደ ቤታቸው ጎራ ስል ገና በሩ ላይ ነጭ ሽንኩርት የመሰለ፣ የበሰበሰ ዓሣም የሚመስል ሽታ ተቀበለኝ። የልጅ ልጃቸው መደብ ላይ ተኝቷል፤ ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል። ነገሩን ስጠይቅ ነቀዙ ቢያስቸግራቸው ገበያ ላይ አንድ ሰው የሸጠላቸውን ክኒን በየከረጢቱ ከትተው፣ ከረጢቶቹን ከሚተኙበት መደብ አጠገብ ደርድረዋቸው ኖሯል። ይህ ክኒን አልሙኒየም ፎስፋይድ የሚባለው ነው። እርጥበት ሲያገኘው ፎስፊን የተባለ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ነቀዙንና ሰውን አይለይም፤ ማርከሻ መድኃኒትም የለውም። በሠለጠነ ባለሙያ፣ ሰው በማያድርበትና በሚታሸግ መጋዘን ካልሆነ በቀር ፈጽሞ ሊነካ የማይገባው ነገር ነው።

ልጁንና እናቲቱን ወዲያው አስወጣናቸው፤ ወደ ጤና ጣቢያም ተወሰዱ። ቤቱ በርና መስኮቱ ተከፍቶ ዋለ። እግዚአብሔር ይመስገን ሁለቱም ዳኑ። በኋላ እህሉ ሲበጠርና ሲነፋ ከስምንቱ ኩንታል አንድ ኩንታል ተኩል ያህሉ ዱቄትና ብስ ፍሬ ሆኖ ተገኘ። እናቲቱ በእጃቸው ያን ዱቄት እያዩ "ከረጢቱ ረክሶልኝ እህሌ ተወደደብኝ፣ ልጄ" አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። "ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" የሚለው ተረት ያን ዕለት ስለ እኔ ምክር የተተረተ መሰለኝ።

ከረጢት ሁሉ ከረጢት አይደለም

የብቸና አባላት "እኛ ጤፍ አምራቾች ነን፤ ነቀዝ ምናችን ነው?" ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ጤፍ ፍሬው በጣም ትንሽ በመሆኑ ነቀዝ ውስጡ ገብቶ የሚራባበት ቦታ የለውም። በደንብ ከደረቀና ከአይጥ ከተጠበቀ በጎተራ ዓመታት ይቀመጣል። ስለዚህ ለጤፍ ሲባል ውድ ከረጢት ግዙ ብዬ አልመክርም። ነገር ግን በዚያው ጥቁር ዋልካ መሬታችሁ ላይ በክረምቱ ማብቂያ በቀሪው እርጥበት የምትዘሩት ሽምብራ በነቀዝ ይበሳል። ስንዴም፣ በቆሎም፣ ባቄላም እንዲሁ።

አየር የማያስገባው ከረጢት፣ በተለምዶ ፒክስ የምንለው፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በካሜሩን ለአተር መሰል ጥራጥሬ ማስቀመጫ እንዲሆን በአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተጀመረ ዘዴ ነው። ሦስት ድርብ አለው፦ ከውስጥ ሁለት ወፍራም የላስቲክ ከረጢቶች፣ ከውጭ የተለመደው የተሸመነ ከረጢት። የሚሠራበት መንገድ ቀላል ነው። አፉ በደንብ ሲታሰር ውስጥ ያለው ነቀዝ በከረጢቱ የቀረውን አየር ተንፍሶ ይጨርሰዋል፤ ከውጭ ሌላ አየር አይገባለትም፤ መመገቡንና መራባቱን አቁሞ ይሞታል። ምንም ኬሚካል አያስፈልግም።

ሥራውን የሚሠራው ግን እንደ አያያዙ ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን አደራ እላለሁ፦

አንደኛ፣ እህሉ ይድረቅ። መድረቁን ለማወቅ ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት እህልና ደረቅ ጨው ጨምሮ መነቅነቅ ነው። ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥብ ነው፤ ተመልሶ ይሰጣ። እርጥብ እህል አየር በማያስገባ ከረጢት ቢገባ ይሻግታል።

ሁለተኛ፣ የውስጦቹን ላስቲኮች አየር ሞልቶ አፋቸውን ጨብጦ በመጫን ቀዳዳ እንደሌላቸው ማረጋገጥ።

ሦስተኛ፣ ከሞሉ በኋላ አየሩን ጨቁኖ ማስወጣት፤ የመጀመሪያውን ላስቲክ አፍ ጠምዝዞ፣ አጥፎ ማሰር፤ ከዚያ ሁለተኛውን፣ ከዚያ የውጭውን ለየብቻ ማሰር።

አራተኛ፣ ከመሬት ከፍ ባለ እንጨት ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ፤ አይጥ እንዳይበሳው ዙሪያውን ማጽዳት፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከፍቶ አለመነካካት።

በዚህ መንገድ የተያዘ ከረጢት ካልተበሳ ከአንድ ዓመት በላይ ያገለግላል። አሁን ሒሳቡን እንሥራ። በእኚያ እናት ቤት ከስምንት ኩንታል 150 ኪሎ ጠፋ፤ ለአንድ ኩንታል ሲካፈል 19 ኪሎ ግድም ማለት ነው። የእህልም የከረጢትም ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ብሩን እኔ አልናገርም፤ እናንተ በሚቀጥለው የገበያ ቀን የ19 ኪሎ በቆሎን ዋጋና የአንዱን ከረጢት ዋጋ ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ እዩት። ጥያቄው ለከረጢት ስንት ከፈልሁ ሳይሆን ለከረጢትና ለነቀዝ በድምሩ ስንት ከፈልሁ መሆን አለበት።

ዋጋን ለዕድሜ ማካፈል

ለሌላውም የቤት ዕቃ ይህንኑ ሒሳብ መጠቀም እንችላለን። ዘዴው የዕቃውን ዋጋ ለሚያገለግልበት ወር ማካፈል ነው። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ አንድ ጫማ 300 ብር ተገዝቶ በአራት ወር ቢበጠስ በወር 75 ብር አስከፍሏል። ሌላው 900 ብር ተገዝቶ ሁለት ዓመት ቢያገለግል በወር የሚያስከፍለው 37 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። በገበያ ላይ ሦስት እጥፍ ውድ የነበረው ጫማ እቤት ሲገባ በግማሽ ዋጋ ያገለግላል ማለት ነው።

ለሒሳቡ ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ። ይህ ዕቃ ስንት ወር ያገለግለኛል? ቢበላሽብኝ አብሮ ምን ያበላሽብኛል? ሲሰበር የሚጠግነው ሰውና መለዋወጫው በአካባቢዬ አለ ወይ? የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ሞጣ ወይም ብቸና ገበያ ላይ ሊጠገን የማይችል ዕቃ የቱንም ያህል ቢያምር ዕድሜው የመጀመሪያው ብልሽት ድረስ ብቻ ነው።

ጫማን ካነሣሁ አይቀር በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ጥቂት ልቆይ። በዞናችን ዝሆኔ የምንለው የእግር ማበጥ ብዙ ቤተሰብ አንገት ያስደፋ ሕመም ነው። ሰው እርግማን ነው ይላል፤ በዘር የመጣ ነው ብሎ ጋብቻ ይከለክላል። ሐኪሞች ግን በደጋው አገር የተለመደው ዓይነት ፖዶኮኒዮሲስ እንደሚባል፣ መንሥኤውም ትልም ትንኝም ሳይሆን ከእሳተ ገሞራ ዓለት በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ እንደሆነ አረጋግጠዋል። በአንዳንድ ሰው ላይ ተፈጥሮው ለሕመሙ ያጋልጠዋል፤ አፈሩ እግሩን ካልነካው ግን አይታመምም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ፣ በዞናችን በደብረ ኤልያስና በምዕራብ ጎጃም በደንበጫ ወረዳዎች የተደረገ ጥናት ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ ከ51 ሺሕ በላይ ሰዎች ውስጥ 3.3 በመቶዎቹ ይህ ሕመም እንዳለባቸው አሳይቷል። ከመቶ ሰው ከሦስት በላይ ማለት ነው።

መከላከያው ከልጅነት ጀምሮ እግር የሚሸፍን ጫማ ማድረግና እግርን በውኃና በሳሙና መታጠብ ነው። እንግዲህ ግማሽ እግር የሚያሳየውን፣ በሁለት ወር የሚበጠሰውን ርካሽ ነጠላ ጫማ ለልጃችን ስንገዛ፣ ሲበጠስም እስከሚቀጥለው ገበያ በባዶ እግሩ ሲሄድ፣ ያተረፍነው ብር ከምን ጋር እንደሚወዳደር አስቡት። ጫማ የዓመት በዓል ጌጥ ብቻ መሆኑ መቅረት አለበት። ውኃ ገብ ማሳ ላይ ስናርስ ጫማ ማድረግ እንደማይመች አውቃለሁ፤ ያን ዕለት ማታ እግርን ታጥቦ ማድረቅ ግን ከማንም አቅም በላይ አይደለም።

መብራት፣ ምድጃ፣ ቆርቆሮና ጀሪካን

ስለ ሌሎቹ ዕቃዎች ባጭሩ ልለፍ።

የሶላር መብራት፦ ኩራዝን ለመተው መነሣታችን ደስ ያሰኛል። ሆኖም ገበያው ላይ ቀን ሙሉ ፀሐይ ሞቆ አንድ ሰዓት የማያበራ፣ በክረምቱ መካከል የሚሞት መብራት ሞልቷል። እንዲህ ያለውን የገዛ ቤተሰብ ወደ ኩራዙና ወደ ባትሪ ድንጋዩ ይመለሳል፤ ጎረቤቱም "ሶላር ውሸት ነው" ብሎ ደህናውንም ሳይገዛ ይቀራል። የዓለም ባንክ ቡድን ላይቲንግ አፍሪካ በተባለው ፕሮግራሙ የእንደነዚህ ያሉ መብራቶችን ጥራት በላቦራቶሪ የማስመርመር ሥራ ጀምሮ ነበር፤ የጥራት ማረጋገጡ ሥራ እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ቬራሶል በሚል ስም ቀጥሏል። መሥፈርቱ ሻጩ የጻፈው የብርሃን ሰዓት እውነት መሆኑንና ዕቃው ዋስትና ያለው መሆኑን ይጠይቃል። ስለዚህ በማሸጊያው ላይ ያለውን ሥዕል ሳይሆን የዋስትና ወረቀቱን ጠይቁ። ዋስትና የማይሰጥ ሻጭ ዕቃውን ከእናንተ በላይ ያውቀዋል።

የእንጀራ ምድጃ፦ ምርጥ የተባለው የሲሚንቶ ምድጃ ከ1980ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ በሀገራችን ባለሙያዎች ተሻሽሎ የቀረበ ሲሆን ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ግማሽ ያህል ይቆጥባል። ሦስት ጉልቻ በነፃ ይገኛል፤ ነገር ግን የእናቶችንና የሴት ልጆችን ጉልበት፣ ጊዜና ዓይን፣ የባሕር ዛፋችንንም ይበላል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው አንዳንድ ሰው ሲሚንቶውን ቀንሶ አርክሶ የሚሸጠው ላይ ነው። እንዲህ ያለው ምድጃ ወዲያው ይሰነጠቃል። ሲገዛ ጠርዙ በጣት ሲታሽ የሚፈረፈር ከሆነ ይለፋችሁ።

የቤት ክዳን ቆርቆሮ፦ እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቁጥሩ ላይ ነው። የጌጅ ቁጥር ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል። ባለ 35 ጌጁ ከባለ 32ቱ ይቀጥናል፤ ለዚህም ነው የሚረክሰው። "ቁጥሩ ትልቅ ነው" ብሎ የገዛ ሰው ስሱን ገዝቷል። ስስ ቆርቆሮ በነፋስ ይቀደዳል፣ ቶሎም ይዝጋል፤ ቀድሞ የሚያፈሰው ደግሞ እህል ባለበት ማዕዘን ነው። ቤት በዕድሜ አንዴ ወይም ሁለቴ የሚከደን በመሆኑ እዚህ ላይ መቆጠብ ብዙ አያዋጣም።

ጀሪካን፦ የፀረ አረም ወይም የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበትን ጀሪካን ለውኃ፣ ለዘይት ወይም ለጠላ መግዛት በማንኛውም ዋጋ ውድ ነው። ቱ-ፎር-ዲ የነበረበት ዕቃ በአመድና በሳሙና ቢታጠብም ለምግብ አይሆንም። ባዶው ዕቃ ሦስት ጊዜ ታጥቦ፣ እጣቢው ማሳው ላይ ተረጭቶ፣ ማንም እንዳይጠቀምበት መበሳት አለበት።

ርካሹ የሚበጅበት ጊዜ

ከዚህ የምትወስዱት ትምህርት "ውድ የሆነውን ሁሉ ግዙ" የሚል እንዳይሆን እፈራለሁ። ውድነት የጥራት ምስክር አይደለም። አንዱን ዕቃ በሁለት ስም ለጥፎ በሁለት ዋጋ የሚሸጥ ነጋዴ አለ፤ "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" ይባላልና። ቢበላሽ ሌላ ነገር ይዞ የማይጠፋ ዕቃ ላይ ርካሹን መግዛት ብልህነት ነው። ክብሪት፣ መጥረጊያ፣ ወንፊት፣ የጓዳ ሳሕን እንዲህ ያሉ ናቸው። የአካባቢያችን ሸክላ ሠሪዎች የሚሠሩት ምጣድና ድስት ርካሽ ሆኖ ጥሩ ነው፤ ቢሰበርም ሠሪዋ በገበያ ቀን ትገኛለች። ከመሬት ከፍ ብሎ፣ በጭቃና በእበት ተመርጎ፣ ደህና ክዳን የተደረገለት ጎተራም ለጤፍ የሚያንስ አይደለም።

ባጭሩ፣ እህልን፣ ጤናንና ጣሪያን በሚጠብቅ ዕቃ ላይ አንሳሳ፤ በሌላው ላይ እንሳሳ።

ችግሩ የዕውቀት ብቻ አይደለም

ይህን ሁሉ በአንድ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ስናገር አንድ አባት ተነሥተው "ልጄ፣ ጥሩው ጫማ እንደሚሻል እኔም አውቃለሁ። በኪሴ ያለው ግን የርካሹ ዋጋ ብቻ ነው" አሉኝ። ሰው ሳቀ፤ እኔ ግን መልስ አጣሁ። እውነታቸውን ነበር። ርካሹን የሚገዛው ሒሳብ የማያውቅ ሰው ብቻ ሳይሆን፣ ሒሳቡን እያወቀ በአንድ ጊዜ የሚከፍለው ብር ያጣ ሰውም ነው። እንዲህ ሆኖ ያጣው ሰው በዓመት ሦስት ጫማ ይገዛል፤ ያለው ሰው በሁለት ዓመት አንድ። ድህነት ራሱ ወጪ አለው።

የአርሶ አደሩ ገንዘብ ወቅት አለው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ብር ይገኛል፤ ያን ጊዜም ሁሉም ስለሚሸጥ እህሉ ይረክሳል። ከሐምሌ እስከ መስከረም ብሩ ያልቃል፤ ጫማው የሚበጠሰው፣ ጣሪያው የሚያፈሰው፣ ትምህርት ቤት የሚከፈተው ያን ጊዜ ነው። በችግር ወቅት የሚገዛ ሰው አማርጦ አይገዛም። ስለዚህ "ጥሩውን ግዙ" የሚለው ምክር ብቻውን ከሆነ ምክር ሳይሆን ስድብ ይሆናል። መፍትሔው አንድ ሰው ብቻውን የማይችለውን አብሮ መቻል ነው። ለዚህም ነው ይህን ጉዳይ ወደ ኅብረት ሥራ በዓል ያመጣሁት።

ጉዳዩ ለኅብረት ሥራ እንግዳ አይደለም። በእንግሊዝ ሀገር ሮችዴል በምትባል ከተማ 28 ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሸማኔዎችና ሌሎች ባለሙያዎች፣ እያንዳንዳቸው አንድ ፓውንድ አዋጥተው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 21 ቀን 1844 ትንሽ ሱቅ ከፈቱ። በዚያን ዘመን ለድሃው የሚሸጠው ዱቄት ነጭ የድንጋይ ብናኝ፣ ሻዩ ያገለገለ ቅጠል ይቀላቀልበት ነበር፤ ሚዛኑም ይጎድል ነበር። እኛም በርበሬ ከሸክላ ብናኝ፣ ቅቤ ከሌላ ነገር ጋር ተቀላቅሎ መሸጡን የምንሰማ ስለሆንን ነገሩ አይገርመንም። እነዚያ ሰዎች ቅቤ፣ ስኳር፣ ዱቄት፣ የአጃ ዱቄትና ሻማ ይዘው ሲነሡ ቃላቸው "ከሁሉ እናረክሳለን" የሚል አልነበረም። ያልተቀላቀለ ዕቃ፣ ሙሉ ሚዛን፣ ትርፉም ለገዛው አባል በግዢው መጠን ተመላሽ የሚል ነበር። የዛሬው የዓለም ኅብረት ሥራ መርሕ ከዚያ ሱቅ የተቀዳ ነው። በሀገራችንም ከ1953ቱ ድንጋጌ እስከ አዋጅ ቁጥር 985/2009 ድረስ የወጡት ሕጎች የቆሙት አባላት ችግራቸውን በጋራ እንዲፈቱ በሚለው ሐሳብ ላይ ነው። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" የሚሉት አባቶቻችን ሮችዴልን ሳያዩ ይህን ያውቁት ነበር።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

በመሆኑም ለዚህ ጉባኤ የሚከተሉትን አሳቦች በአክብሮት አቀርባለሁ።

1. ትእዛዝ አስቀድሞ ይሰብሰብ። እያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር በኅዳር ወር ከአባላቱ የከረጢት፣ የጫማና የመብራት ፍላጎት ጽፎ ለዩኒየኑ ቢያቀርብ፣ ዩኒየኑ በጅምላ ገዝቶ ብር በሚገኝበት በጥር ሊያደርስ ይችላል። በጅምላ የተገዛ ጥሩ ዕቃ በችርቻሮ ከተገዛ መጥፎ ዕቃ ጋር ዋጋው ብዙ አይራራቅም።

2. ዕቃ ሳይፈተን አይገዛ። ከማንኛውም የሶላር መብራት ወይም ጫማ ሺሕ ከመግዛታችን በፊት ሁለት ገዝተን ለአንድ ወር በአባላት ቤት እንፈትነው። ፈታኞቹ ዕቃውን በየዕለቱ የሚጠቀሙት እናቶች ይሁኑ። ውጤቱም ለጉባኤ ይነበብ።

3. ለከረጢት በዓይነት ብድር ይመቻች። አባሉ ከረጢቱን በጥር ወስዶ እህሉ ዋጋ ሲያወጣ፣ በሰኔና በሐምሌ ሲሸጥ ይክፈል። እህሉ በነቀዝ ካልተበላ ዕዳው አይከብደውም። ከትርፍ ክፍፍል ላይም በፈቃዱ ለቤት ዕቃ የሚቆጥብ አባል ሒሳብ ይከፈትለት።

4. ደረሰኝ እንጠይቅ፤ እኛም እንስጥ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሲወጣ በነጋዴው ላይ ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ ጥሎ ነበር። ደረሰኝ የሌለው ሰው ዕቃው ሲበላሽበት የሚከራከርበት መነሻ የለውም። የማኅበራችን ሱቅ በዚህ ለሌሎች አርአያ ካልሆነ ሌላውን መውቀስ አይችልም።

5. ለተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች ሁለት ልመና አለኝ። የመጀመሪያው፣ በገበያ ቀን በጉሊት የሚሸጠው የነቀዝ ክኒን ቁጥጥር ይደረግበት። ያን ልጅ ያተረፈው ሰኔ ላይ ባጋጣሚ በዚያ በር ማለፌ ነው፤ የሰው ሕይወት ግን በአጋጣሚ ሊጠበቅ አይገባም። ሁለተኛው ጨረታን ይመለከታል። ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ያሸንፋል ሲባል መሥፈርቱ ላይ የዕቃው ውፍረት፣ ዕድሜና ዋስትና በግልጽ ካልተጻፈ አሸናፊው ሁልጊዜ ስሱ ዕቃ ነው። በአባል ቤት የማይገዛ ዕቃ በወረዳ ስም ለአባል እንዳይታደል አደራ እላለሁ።

የተከበራችሁ አባላት፣

ስለ እኚያ እናት ሳልነግራችሁ ልቀመጥ አይገባኝም። በዓመቱ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። እሳቸውም "አንተም ልጅ ነበርህ፤ እኔም ብሩ ሳስቶኝ ነበር" ብለው ቡና አፈሉልኝ። በጥር ላይ አየር የማያስገባውን ከረጢት ገዙ። የገዙት ግን ሁለት ብቻ ነው። አንዱን ለዘር፣ አንዱን ለልጅ ልጃቸው የክረምት ምግብ አደረጉት። በሰኔ አብረን ስንከፍታቸው ፍሬው እንደገባ ነበር፤ እፍኝ ዘግነው አሸተቱት፣ ሳቁም። የቀረው ስድስት ኩንታል ግን በተራው ከረጢት ስለነበር ነቀዝ በላው።

የቀሩትን ስድስት ከረጢቶች ያልገዙት ባለማወቅ አይደለም፤ ከእኔ በላይ አውቀዋል። ያልገዙት በዚያ ሰዓት የስምንቱን ዋጋ በአንድ ጊዜ ሊያወጡ ስላልቻሉ ነው። ሁለቱን ከረጢቶች እሳቸው ችለዋል። ስድስቱን የመቻል ሥራ የዚህ ዩኒየን ይመስለኛል። በሚቀጥለው የምሥረታ በዓላችን ላይ ይህ ሥራ ከምን እንደደረሰ በሪፖርት ስንሰማ ያብቃን።